የዘርጋው ግራ ጉንጭ

በደብረ ብርሃን የሚከራየው ቤት ብቻ አይደለም። ክንዱን የሚያከራይ አለ፣ ጀርባውን የሚያከራይ አለ፣ ሁለት ጭኑን አከራይቶ ሦስት ልጅ ያስተማረ አለ። በሁለት ሺህ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት በዚህች ከተማ «ሥራህ ምንድን ነው?» የተባለ ሰው «ጀርባ ነኝ» ብሎ ቢመልስ የሚስቅበት የለም። ዘርጋው ጉንጭ ነበር። አንደኛ ደረጃ ጉንጭ፣ ያውም የግራ።

ከተማዋ ለዚህ ሥራ የተመረጠችው በቁንጅናዋ አይደለም፤ በብርዷ ነው። «ልስልስ» የሚባለው የቆዳ ቅባት ድርጅት መድኃኒቱን በዓይን የማይታዩ ፍሬዎች ውስጥ እየከተተ ይሸጣል። ፍሬዎቹ ቆዳ ላይ ተኝተው ይቆያሉ። ችፌ ያለበት ሰው ማሳከክ ሲጀምረው ለብ ባለ የጨው ውሃ ጠረግ ያደርገዋል፤ ያኔ ቅርፊቱ ይፈታል፣ መድኃኒቱም ይወጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ሰው የሚባለው ፍጥረት ራሱ ለብ ያለ የጨው ውሃ የተሞላ ስልቻ ነው፤ ሲሞቀው በላብ፣ ሲከፋው በእንባ ያንጠባጥባል። ድርጅቱ ደግሞ ፍሬው ሕይወት ባለው ቆዳ ላይ ሳይነቃ ስንት ቀን እንደሚቆይ ማወቅ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የማያልብ አገርና የማያለቅስ ሰው አስፈለገው። አገሩን ካርታ ላይ አገኘው። ሰውየውን ማስታወቂያ አውጥቶ አገኘው።

ለሙከራ የሚቀባው ፍሬ ውስጥ መድኃኒት የለም፤ ሰማያዊ ቀለም ነው ያለው። አንዲት ፍሬ ከፈነዳች ጉንጭ ላይ አንዲት ነጥብ ትወጣለች። ቀለሙ በሳሙና አይለቅም፣ በእንዶድ አይለቅም፣ ጸበል ሞክሮ ያየም አለ፤ አርባ ቀን ሲሞላው በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማሽን ነጥቦቹን ይቆጥራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ነጥብ የቆየ ጉንጭ ነፃ ይወጣል፣ ባለቤቱም ጡረታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነጥብ የተገኘበት ግን ያገለገለው ሁሉ ይሰረዝና እንደ አዲስ ተቀጣሪ ከአንድ ይጀምራል።

ዘርጋው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ከሃያ ዘጠኝ ቀን አገልግሏል። ጉንጩ ላይ አንድም ቀን ነጥብ ታይቶ አያውቅም።

ይህ እንዲያው የተገኘ አይደለም። ሃያ ዓመት በጀርባው ተኝቷል፣ አንገቱን በእንጨት ማነቆ አስይዞ። ፊቱን የሚታጠበው በግማሽ ነው። በርበሬ አይቀምስም፤ ወጡ ሁሉ አልጫ ነው። ሽንኩርት በተከተፈበት ቤት ደጃፍ አያልፍም። ዳገት አይወጣም፣ አውቶቡስ አምልጦት እንኳ ሮጦ አያውቅም። ሲስሙት ቀኝ፣ ቀኝ፣ አሁንም ቀኝ ነው። የከተማው ሰው ይህን ስለለመደ ከዘርጋው ጋር ሲሳሳም አንዱ ጉንጭ እንደ ቲማቲም ይቀላል፣ ሌላው ግን እንደ ሙዚየም ዕቃ ነው፤ እዩኝ እንጂ ንኩኝ አይልም። ሚስቱ አሥራ ሁለት ዓመት ታግሣው «ግማሽ ባል አግብቼ ለሙሉ ሰው አበስላለሁ» ብላ ሄደች። የሄደች ቀን ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር። የዘጠኝን ማባዣ በልቡ ደገመ። ዘጠኝ ጊዜ ሁለት አሥራ ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ ሦስት ሃያ ሰባት። ጉንጮች ሁሉ እንባ ሲመጣባቸው የሚደግሙት ነገር አላቸው። አንዱ መዝሙረ ዳዊት ይደግማል፣ አንዱ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ስም ይቆጥራል። የዘርጋው የዘጠኝ ማባዣ ነው።

ይኸው ማባዣ ነው ከወንድሙ ያጣላው።

እናታቸው ወይዘሮ አስካለ የሞቱት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ወሩ በሃያ ዘጠኝ፣ ማታ ነው። የተቀበሩት በሠላሳ፣ በቆጠራው ዋዜማ። ሰው ሲሞት የልጁን የሥራ ሰሌዳ አያማክርም። ዘርጋው ቀብር ላይ ጥላ ይዞ፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ማራገቢያ አንጠልጥሎ መጣና ከሰው ፈንጠር ብሎ ቆመ። አገር ምድሩ ሲያለቅስ እሱ ሰማይ ሰማይ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ያላወቀው ሰው ጸሎት መስሎት ተነካ። ታላቅ ወንድሙ አሸብር ግን ቀረብ ብሎ ሰማ። «ዘጠኝ ጊዜ ሰባት ስልሳ ሦስት» ይላል።

«ለእማዬ አታለቅስም?» አለው አሸብር፣ ፊቱ በእንባ ርሶ።

«ነገ፣ ጋሼ» አለ ዘርጋው። «ነገ አለቅሳለሁ።»

በማግስቱ ማሽኑ ቆጠረ፣ ነጥብ አልነበረም። እንደ ደንቡ ዘርጋው ከወንበሩ ሳይነሳ አዲሱን ቅባት ቀቡት። ስለዚህ ከክፍሉ ሲወጣ ነገ የሚባለው ቀን ሌላ ወር ሄዶ ነበር። በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው፣ በሚቀጥለውም። ረሳው ማለት ሐሰት ነው፤ አስተላለፈው። አሸብር ደግሞ ከዚያች ቀን ወዲህ ወንድም እንዳለው ለሰው ተናግሮ አያውቅም።

ሰሞኑን ግን ዘርጋው እንቅልፍ አጣ። ያለመው ነፃነት እየቀረበ ሲመጣ አንድ ያላሰበው ነገር ጥርሱን አሳየው። ሙሉ ፊት ይዞ ይወጣል፣ እሺ። ከዚያስ ለማን ያሳየዋል? ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። በዚህ ምድር ላይ ግራ ጉንጩን የመሳም መብት ያለው የቀረ ሥጋ አሸብር ብቻ ነው። ይህን ሲያስብ ማባዣውን እስከ ዘጠና ዘጠኝ ድረስ ደገመ። ከዚያ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌ የሚመላለሰው ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱን ጊዜ አሸብር በሩን እንኳ አልከፈተም። ሦስተኛው ላይ «እሺ፣ ይምጣ» አለ፤ «ግን ቀኑን እኔ ነኝ የምቆርጠው። ጥር ሠላሳ ይሁን።» ዘርጋው ደስ ብሎት ቀኑን ልብ አላለውም። ልብ ያለው ጥር ሠላሳ ጠዋት፣ ማነቆውን ሲያወልቅ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የካቲት አንድ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

ጠባሴ ሰፈር፣ አሸብር ቤት ሲደርስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተሰይመዋል። የሚናገሩት ጋሽ ማንያዘዋል ናቸው፤ አርባ ዓመት ዳኛ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ፍርድ መስጠት ያልተዋቸው ሰው። ሁለቱ እሳቸው ሲናገሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የአሸብር ሚስት እትዬ የሺ በር ላይ ቆማ ማንም ሳይስቅ እሷ እንዳትስቅ ነጠላዋን ነክሳለች፤ ዘርጋው ወደ ግቢው ሲገባ ድንጋይ ተሸክሞ ነበርና።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መምጣቱ የአባት ነው። ዘርጋው የተሸከመው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ለዕርቅ የሚያከራየውን ነው፤ ከላይ ሲያዩት ጥቁር ቋጥኝ፣ ውስጡ ባዶ። አሸብር ተነሳ፣ መጣ፣ ድንጋዩን በአንድ ጣቱ አነሳው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄ?»

«ከባዱን ብሸከም ያልበኛላ።»

«ድንጋዩ ሕጋዊ ነው፤ ማኅተም አለበት» አሉ ጋሽ ማንያዘዋል ነገሩ ከመጀመሩ እንዳይፈርስ። «ዘርጋው፣ አስቀምጠህ ተቀመጥ። አሸብር፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ። ካሳህን ተናገር።»

አሸብር ትልቅ ሰው ነው፣ ሃምሳ አምስት ዓመቱ፣ ፊቱ እናቱን ቁርጥ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካሳ አልፈልግም። በግ አልፈልግም፣ ይቅርታ በለኝም አልልም። ለእናቱ ያልቅስላት። እዚህ፣ እናንተ ፊት፣ ዛሬ።»

ዘርጋው ግራ ጉንጩ ላይ ነፋስ የነካው መሰለውና በመዳፉ ከለል አደረገ።

«ጋሼ፣ አለቅሳለሁ። እምልልሃለሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይቆጥሩኛል፣ ነፃ እወጣለሁ። ሦስት ሰዓት ተሩብ ላይ እዚህ መጥቼ እስኪበቃህ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ብቻ።»

«ቀብሯም ላይ አንድ ቀን ብቻ ነበር ያልከኝ» አለ አሸብር። «በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ በር በር ሳይ ዋልኩ። በሣልስቷም አየሁ። ሰው በመጣ ቁጥር አንተ እየመሰልከኝ እነሳለሁ። ድንኳኑ ሲነቀል አከራዩን ሰውዬ 'ትንሽ ቆይ፣ ወንድሜ ይመጣል' ብዬ ለመንኩት። ቀኑን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ነገማ ማንም ያለቅሳል፣ ነገ እንባ በነፃ ነው።»

ዘርጋው አፈረ። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር።

ጋሽ ማንያዘዋል ከዚህ የባሰ ክርክር ዳኝተዋል። ጢማቸውን አሻሹና አንድ ሐሳብ አመጡ። «የተከራየው ግራው ነው አይደለም? ቀኙ የራሱ ነው። እንግዲያው በቀኝ ጎኑ ጋደም ይበል። እንባ ወደ ታች ነው የሚፈሰው፤ የግራውም ዓይን በአፍንጫው ላይ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ድርጅቱም አይጎዳ፣ ሟችም ሳይለቀስላት አትቀር።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘርጋው «ይሄማ ሸጋ ነው» ብሎ ምንጣፉ ላይ በጎኑ ሊጋደም ተንበረከከ።

«ተነስ!» አለ አሸብር። «እማዬ አንተን ስትወልድ በግማሽ ነው ያማጠችው? በአንድ በኩል ነው ያጠባችህ? በግማሽ ፊት የሚያለቅስላት ልጅ ከሚኖራት የሌላት ይሻላል።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ እጅ ነሣ። «አባቶቼ፣ ደከማችሁ። እኔ ጨርሻለሁ።»

ጋሽ ማንያዘዋል ቃተቱና ጋቢያቸውን አጣፉ። አንደኛው ሽማግሌ ከዘራውን ፈለገ፣ ሌላኛው ጫማውን። ሦስተኛው ዙር አልቋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሽማግሌ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በየፊናቸው ያረጃሉ፣ አንደኛው ሲሞት ሌላኛው ከጎረቤት ይሰማል።

ዘርጋው ምንጣፉ ላይ እንደተንበረከከ የቀረ ጊዜውን አሰበ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ከአንድ ቢጀምር የሚወጣው በስልሳ ሰባቱ ነው። ሃያ ዓመት ሌላ አልጫ፣ ሃያ ዓመት ሌላ ማነቆ። ሰውነቱ ሁሉ «አይሆንም» አለ። ከዚያ የአሸብርን ጫማ አየ። ተረከዙ የተጣመመ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ወደ ውጭ እያጋደለ ነበር የሚጨርሰው፣ እማዬ ሁልጊዜ ትቆጣው ነበር። ያ ጫማ ዞሮ ወደ ጓዳ ሊሄድ ነው።

«ቁጭ በሉ» አለ ዘርጋው። «ዛሬ አለቅሳለሁ። ይፈንዳ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አሸብር ቆመ። እትዬ የሺ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። ዘርጋው ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

ምንም የለም።

እናቱን አሰበ። ፊቷ መጣለት፤ ከፊቷ ቀጥሎ ግን ዘጠኝ ጊዜ አራት ሠላሳ ስድስት መጣ። አባረረው፤ አርባ አምስት መጣ። ሃያ ዓመት እንባውን ሲያባርር የኖረ ሰው «በል ና» ሲለው እንባውም ዘንግቶታል። ዓይኑን ገልጦ «ትንሽ ታገሡኝ» አለ፣ ለሽንት ምርመራ እንደተላከ ሰው እያፈረ።

«ሽንኩርት አምጪ» አሉ ጋሽ ማንያዘዋል።

እትዬ የሺ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት አፍንጫው ሥር ከተፈችለት። ጋሽ ማንያዘዋል አለቀሱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች አለቀሱ፣ እትዬ የሺ አለቀሰች። ዘርጋው አስነጠሰው ብቻ። ሰናፍጭ አመጡ፤ በጣት ወስደው አፍንጫውን አስነኩት። አፍንጫው እንደ ቧንቧ ወረደ፣ ዓይኑ ግን ደረቅ ነው። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ፣ እስካሁን ራስ ከመነቅነቅ በቀር ምንም ያልሠሩት፣ የራሳቸው እናት አልቃሽ እንደነበሩ አስታወሱና ተነስተው ደረታቸውን መታ መታ እያደረጉ ሙሾ ያወርዱ ጀመር፤

«የአስካለ ልጅ ሆኖ ዓይኑ የደረቀ፣
እንዲህ ያለው ድንጋይ ከየት ተፈለቀቀ።»

እዚህ ላይ እትዬ የሺ አልቻለችም፤ በሳቅ ፈነዳች። ጋሽ ማንያዘዋል «ሥነ ሥርዓት!» ብለው ጮኹ፣ ግን የሳቸውም ሆድ ይንቀጠቀጣል። ዘርጋውም ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ አንድ ነገር ገባው። ሊሰጥ የፈለገውን ነገር አጥቶታል። የደበቀው መስሎት ነበር እንጂ እንደ ጣለው አላወቀም። ሃያ ዓመት አምኖ ያስቀመጠው እንባ ቢከፍተው ባዶ ነው፣ ልክ እንደ ኪራይ ድንጋዩ። ይህ ከምንም ነገር በላይ አስፈራው።

«ጋሼ፣ እምቢ አለኝ» አለ። «እውነቴን ነው። ጉንጬን ብዬ አይደለም። እምቢ አለኝ።»

አሸብር አየው። አፍንጫው የሚወርድ፣ ሽንኩርት ልጣጭ ጉንጩ ላይ የተለጠፈበት፣ የአርባ ሰባት ዓመት ወንድሙን አየ። የአሥራ አንድ ዓመት ቁጣ ተሸክሞ መቆም ደከመው መሰለኝ፣ ትከሻው ወረደ።

«ልጅ ሆነህ ማልቀስ ነበር ሥራህ» አለ። «ዝንብ ብታርፍብህ ታለቅሳለህ። ለእያንዳንዷ እንባህ የምገረፈው እኔ ነበርኩ።» ወደ ምንጣፉ ዝቅ አለ። «ና ወዲህ፣ አንተ ንፍጣም።»

ይህ የእማዬ ቃል ነበር። አሸብር የነጠላውን ጫፍ ይዞ የዘርጋውን አፍንጫ ጠረገለት፣ ጠበቅ አድርጎ፣ እሷ እንደምታደርገው። ከዚያ ሳያስበው እጁ ወደ ግራ ሄደ፤ ጉንጩ ላይ የተለጠፈችውን ልጣጭ በአውራ ጣቱ አነሳት። አውራ ጣቱ ሻካራና ሙቅ ነበር። ሃያ ዓመት ያንን ጉንጭ የነካው ጓንት ያጠለቀ እጅ ብቻ ነው።

ዘርጋው ማባዣውን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ትዝ ያለው ሆስፒታሉ ነው። እማዬ ከትራሷ ቀና ብላ እጇን ወደ ግራ ጉንጩ ዘረጋች፤ እሱ ፈጥኖ ፊቱን አዞረና «በቀኝ በኩል፣ እማዬ፣ በቀኝ በኩል» አላት። እሷም እንደ ታዘዘች ልጅ ቀኙን መታ መታ አደረገችለት። «ይቅርታ፣ ሥራህን ረስቼ ነው» አለችው። በማግስቱ ሞተች።

«ይቅርታ ጠየቀችኝ!» አለ ዘርጋው። «ጋሼ፣ እሷ እኮ ናት ይቅርታ የጠየቀችኝ!» ከዚያ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር፤ በሬ ያገሳ መስሎ ጎረቤት ከአጥር በላይ ብቅ አለ። አለቀሰ። እየጮኸ፣ ምንጣፉን በመዳፉ እየመታ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶ ለእናቱ አለቀሰላት። ቀኝ ዓይኑ ውሃ አፈሰሰ። የግራው ግን ጉንጩ ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ሆነ። መጀመሪያ አንድ መስመር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ጉንጩ በሙሉ እንደ መስከረም ሰማይ በራ፣ አገጩ ላይ ወርዶ ሸሚዙን አጨቀየ።

አሸብር አቀፈው። ግራ ጉንጩን በግራ ጉንጩ ላይ ለጥፎ እሱም እንደ አዲስ አለቀሰ፣ ያኔ የጨረሰው መስሎት የነበረውን። ሲላቀቁ የአሸብርም ፊት ግማሹ ሰማያዊ ነበር።

«በሉ ተሳሳሙ!» አሉ ጋሽ ማንያዘዋል፣ ሥርዓቱ ካልተነገረ ዕርቅ አይሆንምና። ተሳሳሙ። ከዚያ ሽማግሌዎቹም በተራ ሳሟቸው፤ ጋሽ ማንያዘዋል ጢማቸው ሰማያዊ ሆነ፣ ነጭ ጋቢያቸውም አልቀረለት።

«ይሄ ነገር ይለቃል?» አሉ ጋቢያቸውን እያገላበጡ።

«አርባ ቀን ይፈጃል» አለ ዘርጋው፣ አፍንጫውን እየሳበ።

«እንዲያውም ደግ» አለች እትዬ የሺ። «አርባዋ እስኪወጣ ነዋ።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘርጋው ቆጠራ ክፍል ገባ። ተረኛዋ ቆጣሪ ቤዛዊት የምትባል ወጣት ነበረች። ፊቱን አየችና ብዕሯን አስቀመጠች። እንደ ደንቡ ግን ማሽኑ ሥር አስቀመጠችው። ማሽኑ ቆጥሮ ቆጥሮ ሲሰለቸው «ሁሉም» ብሎ ጻፈ።

«ምክንያት መሙላት አለብኝ» አለች፣ ዓይኑን ላለማየት እየሞከረች። «ላብ?»

«አይደለም።»

«ዝናብ? እንስሳ ልሶት?»

«እናቴ ሞታብኝ አልቅሼ ነው።»

ቤዛዊት ብድግ አለች። «ወይኔ፣ አቶ ዘርጋው! ነፍሳቸውን ይማር። እግዚአብሔር ያጥናዎት። መቼ ነው?»

ዘርጋው ሊዋሽ ይችል ነበር። «ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት» አለ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ሰሌዳዋን ጎትታ የሆነ ነገር ስታነብ ቆየች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። «ችግር የለውም» አለች በመጨረሻ። «አንቀጽ ሠላሳ ሰባት። 'የአከራዩ እናት ወይም አባት የሞተ እንደሆነ ጉንጩ ለሦስት ቀን ነፃ ነው፤ በእነዚህ ቀናት የፈነዳ ፍሬ አይቆጠርም። ቀኑ የሚታሰበው ከመጀመሪያው እንባ ጀምሮ ነው።' ድርጅቱ ሞት አይመዘግብም፣ የሚመዘግበው እንባ ነው። የርስዎ የመጀመሪያ እንባ ትናንት ነው። ስለዚህ ዜሮ ነጥብ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ነፃ ነዎት።»

ዘርጋው ከወንበሩ አልተነሳም።

«ይሄ አንቀጽ... መቼ የወጣ ነው?»

«ከመጀመሪያውም ነበረ። ፈርመውበታል እኮ።» ሰሌዳዋን አዞረችለት። ከመቶ ሰባ ገጽ ውል በመጨረሻው ላይ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ አውራ ጣቱን አሳርፎበታል። ያኔ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ከኋላው የነበሩት ሰዎች «ቶሎ በል፣ ማን ያነበዋል!» ይሉት እንደነበር አሁን ትዝ አለው። «ያኔ ቢነግሩን ኖሮ ቀብሩ ዕለት ማልቀስ ይችሉ ነበር» አለች ቤዛዊት በደግነት። «ሦስት ቀን ሙሉ።»

ዘርጋው ወጣ። የደብረ ብርሃን ብርድ ግራ ጉንጩን በጥፊ ተቀበለው። ልጣጭም፣ ጓንትም፣ ቅባትም በሌለበት ራቁት ቆዳ ላይ ያን ብርድ ሲሰማው ሊጮህ አማረው፤ ደስታ ይሁን እብደት አለየለትም። አሥራ አንድ ዓመት! ለአንዲት ገጽ! ድንኳኑን፣ በር በር የሚያየውን ሰው፣ «ሥራህን ረስቼ ነው» ያለችውን አሰበ። ደግሞ አለቀሰ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየው። አሁን ማንም አይቆጥርበትም።

አሸብር ከበሩ ውጭ ሲጠብቀው ነበር። ግማሽ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ በተጣመመ ጫማው ላይ ቆሞ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው። እንደሚቀጣ ልጅ አባት ጭንቅ ብሎታል። ከማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ መቆሙን ዘበኛው በኋላ ነግሮታል።

«ምን አሉህ? ከአንድ ጀመሩብህ?» አለው። «ይጀምሩ! እኔም እከራያለሁ፣ ቀኙን ይውሰዱ፣ አብረን እንጨርሰዋለን።»

«ነፃ ነህ አሉኝ።»

«እንዴት? በዚህ ፊት?» አሸብር ሰማያዊ ጉንጩን ይዞ አፈጠጠ። «እንዴት ብለው?»

ዘርጋው አፉን ከፈተ። አንቀጽ ሠላሳ ሰባት ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ወንድሙን አየው፤ የእናቱን ፊት፣ እስከ አርባ ቀን የማይለቀውን ቀለም አየ። አፉን መልሶ ዘጋ።

«ነገ እነግርሃለሁ፣ ጋሼ» አለ።

አሸብር ዝቅ አለና ሊወረውርበት ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ዘርጋውም በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው።